ዓይን በማየት አያልቅም፦ ዕይታቸው ለደከመ ሰዎች የኮምፒውተር ስክሪንን ስለማመቻቸት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ዛሬ የምናገረው ዕይታቸው በእጅጉ የደከመ፣ ነገር ግን ጨርሶ ያልጠፋ ሰዎች ከኮምፒውተር ስክሪን ፊት ተቀምጠው ያለ ሥጋትና ያለ ሥቃይ እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የኮምፒውተር አጠቃቀም ሳሠለጥን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለና ከእርሱ ልጀምር። ጥያቄው «ይህን ስክሪን አፍጥጬ ባየሁ ቁጥር የቀረችኝን ብርሃን እየጨረስኳት አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው፣ መምህራን ስለ ተማሪዎቻቸው፣ አለቆችም ስለ ሠራተኞቻቸው በተለያየ አነጋገር ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ «አይደለም» ነው፤ ዓይን በማየት አያልቅም። ግላኮማ የዕይታን ነርቭ የሚጎዳው፣ በዘር የሚተላለፉ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ምስል የሚያርፍበት ስስ ሽፋን) ሕመሞች ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳትን የሚገድሉት፣ የስኳር ሕመምም የዓይንን ደቃቅ የደም ሥሮች የሚያበላሸው በየራሳቸው መንገድ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ቢያነብ ሕመሙ በዚያ አይፋጠንም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢውልም በዚያ አይገታም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ፍርሃቱ ራሱ ጉዳት ስለሚያስከትል ነው። ዕይታውን «ለመቆጠብ» የሚሻ ሰው ስክሪኑን ያርቃል፣ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ጥቂት አንብቦ ይተዋል፤ በዚህም የተነሣ ሊያነበው የሚችለውን ነገር ሳያነብ ትምህርቱ ወይም ሥራው ያመልጠዋል። በፍርሃቱ የሚነግዱም አሉ። ሰማያዊ ብርሃን ያጣራሉ እየተባሉ በውድ የሚሸጡ መነጽሮችን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኮክሬን በመባል የሚታወቀው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ሙከራዎችን አንድ ላይ መዝኖ፣ እነዚህ መነጽሮች በስክሪን የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራ መነጽር አብልጠው እንደሚቀንሱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች እንዲገዟቸው አይመክርም። ከስክሪን የሚወጣው ብርሃን በቀትር ደጅ ወጥተን ከምንቀበለው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ለዚያ መነጽር የሚወጣው ገንዘብ ተለቅ ላለ ስክሪን ቢጠራቀም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ስክሪኑን ከማስተካከል በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም የዓይን ምርመራ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አሳይቷል። ዝቅተኛ ዕይታ ካላቸው መካከል 42.3 በመቶ የሚሆኑት የዓይን ሞራ፣ 33.4 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ችግር ነበረባቸው። ይህ ማለት ሦስት አራተኛ ያህሉ በቀዶ ሕክምና ወይም በመነጽር ዕይታቸው ሊሻሻል የሚችል ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «ስክሪኑ አልታይ አለኝ» ሲለኝ ፊደል ከማጉላቴ በፊት የዓይን ሐኪም ወይም ኦፕቶሜትሪስት (ዕይታ መርምሮ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) አይቶት እንደሆነ እጠይቃለሁ። በድንገት የብርሃን ብልጭታ የሚታየው፣ በዕይታው ላይ እንደ መጋረጃ የወረደበት፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚያመው ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕይታው ያሽቆለቆለ ሰውም ጉዳዩን በስክሪን አሳብቦ ሊቆይ አይገባም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ እንደሚያስረዳው፣ የተሻለው ዓይን በመነጽር ታግዞ እንኳ ከ6/18 በታች የሚያይ ከሆነ ዕይታው ደክሟል ይባላል፤ ጤናማ ዓይን በ18 ሜትር ርቀት የሚለየውን ይህ ሰው ለመለየት እስከ 6 ሜትር ወይም ከዚያ በታች መቅረብ አለበት ማለት ነው። ከ3/60 በታች ሲወርድ ዓይነ ስውርነት ተብሎ ይመደባል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች በእኛ አገር አነጋገር «ጭላንጭል የሚያዩ» የሚባሉት ናቸው፤ ከሚያየውም ከማያየውም ወገን ሳይቆጠሩ የሚቀሩት፣ መንገድ ላይ ያለ በትር ሲሄዱ ታይተው ቢሮ ውስጥ «ማንበብ አልችልም» ሲሉ አስመሳይ የሚባሉት እነርሱ ናቸው።

ወደ ምቾቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ ስክሪን ዓይንን ባያሳውርም ዓይንን እንደሚያደክም፣ አንገትንና ጀርባን እንደሚጎዳ ግን አልክድም። ሰው በጸጥታ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያተኩር ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። የዓይን ገጽ ሲደርቅ ይቆጠቁጣል፣ ዕይታም ይደበዝዛል። ጤናማ ዕይታ ላለው ሰው ይህ ቀላል መታወክ ነው፤ ዕይታው ለደከመ ሰው ግን የቀረችውን ጥራት ስለሚነጥቀው ከሰዓት በኋላ ምንም የማያነብበት ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። በየ20 ደቂቃው ዓይንን አንሥቶ ለ20 ሰኮንድ ወደ 6 ሜትር ያህል ርቆ መመልከት የሚለው የተለመደ ምክር ለእርሱም ይሠራል፤ ሩቁን ነገር ለይቶ ባያየው እንኳ ዓይኑ ትኩረቱን እንዲፈታ፣ አውቆም ደጋግሞ እንዲያርገበግብ ዕድል ያገኛል። በትራኮማ ምክንያት የዓይን ሽፋኑ ፀጉር የተቀለበሰበት ወይም የዓይኑ ገጽ ጠባሳ ያለበት ሰው ድርቀቱ ስለሚብስበት የዓይን ማርጠቢያ ጠብታ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጉዳት ሲያደርስ የማየው ግን አቀማመጥ ነው። ፊደልን ለማጉላት ቀላሉ ዘዴ መቅረብ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር በሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስል እጥፍ ይሆናል። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 30 የቀረበ ሰው ምንም ሶፍትዌር ሳይነካ ፊደሉን ሁለት እጥፍ አሳድጎታል። ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል፤ መምህሩ ወይም እናቱ «ራቅ በል፣ ዓይንህ ይጠፋል» ብለው ሲገሥጹት ያገኘውን መላ ይነጥቁታል። ልጁን ተዉት። ችግሩ መቅረቡ ላይ ሳይሆን ለመቅረብ ሲል መጉበጡ ላይ ነው። በመሆኑም ስክሪኑ ወደ ፊት ይምጣ እንጂ ፊት ወደ ስክሪኑ አይሂድ። የሚታጠፍና የሚሳብ የስክሪን ክንድ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ስክሪኑን በወፍራም መጻሕፍት ወይም በጠንካራ ሳጥን ላይ ከፍ አድርጎ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ማምጣት ያው ነው። ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ላፕቶፑን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጦ ሌላ ኪቦርድ በኬብል ቢያያይዝ፣ እጁ ዝቅ ብሎ ፊቱ ቀና እንዳለ ሊሠራ ይችላል። ኪቦርዱ የስክሪኑን ያህል ውድ ባለመሆኑ ማንኛውም ቢሮ ሊያቀርበው የሚችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ የመነጽር ጉዳይ ይገባል። ወጣት ዓይን በቅርብ ርቀት በራሱ ኃይል ያተኩራል፤ ከ45 ዓመት በኋላ ግን ይህ ኃይል እየከዳ ይሄዳል። በ33 ሴንቲ ሜትር ለማተኮር 3 ዳዮፕተር (የሌንስ የማተኮር ኃይል መለኪያ)፣ በ25 ሴንቲ ሜትር ለማተኮር ደግሞ 4 ዳዮፕተር ያስፈልጋል። የተለመደው የንባብ መነጽር የሚታዘዘው ወረቀት በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚያዝ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ያቀረበ የ55 ዓመት ሰው በዚያ መነጽር ምስሉ ቢተልቅለትም ይደበዝዝበታል። ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው መነጽር ሊያሠራ ሲሄድ ስክሪኑን የሚያይበትን ርቀት በሜትር ለክቶ ቁጥሩን ይዞ ቢሄድ፣ ባለሙያው ለዚያው ርቀት የሚስማማውን ሊያዝለት ይችላል። ታችኛው ክፍላቸው ብቻ ለቅርብ የተሠራ መነጽሮች ደግሞ ሰውየው አገጩን ሽቅብ አንጋጦ እንዲያነብ ስለሚያስገድዱት አንገቱን ይቀጡታል፤ ለኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ባለ አንድ ትኩረት መነጽር ይሻላል።

መቅረብ ወሰን አለው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኮምፒውተሩ ራሱ ማጉላት አለበት። ብዙ ሰዎች ፊደል እንዲተልቅላቸው የስክሪኑን ሪዞሉሽን (ምስሉ የሚሠራባቸውን ነጥቦች ብዛት) ይቀንሳሉ፤ ይህ ፊደሉን ቢያተልቀውም ጠርዙን ያደበዝዘዋል፤ ደብዛዛ ዕይታ ላይ ደብዛዛ ፊደል መጨመር ነው። ሪዞሉሽኑን ባለበት ትቶ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የጽሑፍን መጠን ማሳደግ ይገባል፤ እስከ 225 በመቶ ድረስ ያድጋል፤ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«U» ፊደልን አንድ ላይ መጫን ወደዚያው ገጽ ይወስዳል። በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ገጹን ያጎላል፣ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በዚህ ካልበቃ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ የመደመር ምልክቱን ሲጫኑ ማግኒፋየር የተባለው ማጉያ ይነሣል፤ እስከ 16 እጥፍ ያጎላል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ኢስኬፕ ይዘጉታል። በማክ ኮምፒውተሮች፣ በአይፎንና በአንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ ማጉያ በውስጣቸው አለ፤ ይህን ለማግኘት ምንም መግዛት አያስፈልግም። የማውሱ ጠቋሚ እንዲተልቅና ቢጫ ወይም ቀይ እንዲሆን ማድረግ፣ ኮንትሮልን ሲጫኑም ያለበትን ቦታ በክብ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ጠቋሚን ፍለጋ የሚባክነው ጊዜና ዓይን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ፊደሉን በደንብ የሚያዩ ሰዎች ጭምር በዚህ ሲማረሩ አያለሁ።

ምን ያህል ማጉላት ይገባል? ሰውየው ሊለየው የሚችለውን ትንሹን ፊደል አግኝቶ እዚያው ላይ መቆም የተለመደ ስሕተት ነው። በዚያ መጠን ፊደል መለየት ይቻላል፤ በምቾት ማንበብ ግን አይቻልም። ለሚፈስ ንባብ ሊለዩት ከሚቻለው ትንሹ መጠን ሁለት እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ከሚገባው በላይ ባጎሉ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው ቃል እያነሰ ይሄዳል፤ መስመሩን ለመጨረስ ስክሪኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሳብ ይመጣል፤ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደረስ መጀመሪያው ይረሳል።

ለዚህም ነው ለዝቅተኛ ዕይታ ሁሉ የሚሆን አንድ ቅንብር የሌለው። በማኩላ (የሬቲና መካከለኛ ክፍል) ሕመም የዕይታው መካከል የጠፋበት ሰው በዙሪያው ባለው ደካማ ዕይታ ስለሚያነብ ትልልቅ ፊደልና በፊደላት መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ ዓይኑን ከሚያነበው ቃል ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሲያነብ ሌላ ነገር የሚያይ ይመስላል እንጂ እያነበበ ነው። በግላኮማ ወይም ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶዛ በሚባለው በዘር በሚተላለፍ የሬቲና ሕመም የዕይታው ዳር ዳር የጠፋበት ሰው ግን ዓለምን በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ለእርሱ ትልቅ ፊደል ሸክም ነው። ከቀዳዳው ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ይገባለታል። እንዲህ ያለው ሰው መጠነኛ ፊደል፣ ጠባብ ዓምድና በጣም ያልሰፋ ስክሪን ሲያገኝ ይፈጥናል። በትልቅ ስክሪን ፊት አስቀምጠው «ምን ጎደለህ?» የሚሉት ሰዎች በጎ አስበው ነው፤ ግን መስኩን አስፍተው አድካሚ አድርገውበታል። ስለዚህ የሚያመቻች ባለሙያ አስቀድሞ የሕመሙን ዓይነት ሊያውቅ ይገባል፤ ካላወቀ ደግሞ ሰውየውን የተለያዩ መጠኖች አስነብቦ በየትኛው ረጅም ጊዜ ሳይደክም እንደሚያነብ በሰዓት ይመልከት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነበበው ቃል ብዛት ብቻ አያስተማምንም፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላም ያንኑ ያህል ማንበብ መቻሉ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ስለ ፊደላችን ልናገር። በዓለም ላይ ያሉት ምክሮች ብዙዎቹ የተዘጋጁት የላቲን ፊደል ታስቦ ስለሆነ እንዳሉ ተቀብለን ወደ አማርኛ ስናመጣቸው ይጎድላሉ። በፊደላችን ትርጉምን የሚለውጠው ክፍል ብዙውን ጊዜ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለዩት በአንዲት አናት ላይ በተጋደመች ጭረት ነው። «ሰጠ» አንድ ሰው፣ «ሰጡ» ብዙ ሰዎች ወይም አንድ የተከበሩ ሰው መሆናቸውን የምትነግረን ከጠ ጎን የወጣችው ትንሽ ክንድ ናት። «ቤቱ» እና «ቤቴ»፣ «ልጁ» እና «ልጄ» በሚሉት ውስጥ ባለቤትነቱን የምትወስን ምልክት ከፊደሉ ስፋት አንድ አምስተኛ እንኳ አትሞላም። ነን ከኘ፣ ደን ከጀ፣ ተን ከቸ የሚለየውም እንዲሁ ነው። ዕይታው የደከመ አንባቢ የፊደሉን ገላ አይቶ ምልክቷን ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ይገምታል፤ ልብ ወለድ ሲያነብ ግምቱ ያዋጣዋል፤ ስም ዝርዝር፣ ውል ወይም የፈተና ጥያቄ ሲያነብ ግን አያዋጣውም። እንግሊዝኛውን በ18 ነጥብ በምቾት የሚያነብ ሰው አማርኛውን በ22 ወይም በ24 ነጥብ ሲጠይቅ የማየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄው ቅንጦት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የፎንት ምርጫም ከዚህ ይነሣል። በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ለዓመታት ያየነው ኒያላ መልኩ ያማረ ቢሆንም ጭረቶቹ አንዳንዱ ወፍራም፣ አንዳንዱ ቀጭን ስለሆኑ ቀጭኖቹ ለደካማ ዕይታ ይጠፋሉ፤ በተመሳሳይ ነጥብም ከሌሎቹ አንሶ ይታያል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፊደላችንን የያዘውና ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣው ኤብሪማ፣ እንዲሁም በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጭረታቸው እኩል ስለሆነ ለስክሪን ይመረጣሉ። ፊደልን ማድመቅ ለላቲን ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ በእኛ ፊደል ግን ከመጠን ሲያልፍ የቴንና የሌን ትንሽ ቀለበት ይደፍንና ከሌላው ጋር ያመሳስለዋል። ስለዚህ መካከለኛ ውፍረት ይበጃል። የተዘነበለ ጽሑፍ በፊደላችን ባህል ውስጥ ያልነበረ፣ ሶፍትዌሩ በግድ ገፍቶ የሚያዘነብለው ስለሆነ ፈጽሞ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ስለሚበዛ መስመሮቹም ተጠጋግተው ሲሠፍሩ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ የመስመር ክፍተቱ ቢያንስ አንድ ተኩል ይሁን። ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ እኩል ማሰለፍ አማርኛ ረጃጅም ቃላት ስላሉት በመካከላቸው ትልልቅ ገደል ይፈጥራል፤ ከግራ ብቻ ቢሰለፍ መልካም ነው።

ከመጠን ቀጥሎ የሚመጣው የቀለም ንፅፅር ነው። በነጭ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ንፅፅሩ 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ድረ ገጾችን ለሁሉም ተደራሽ ለማድረግ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ከፍ ላለው ደረጃ ደግሞ 7 ለ1 ይጠይቃል። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ፣ በቢጫ ላይ ነጭ እያደረጉ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን ይህን ቁጥር ቢያውቁት ምንኛ መልካም ነበር፤ የባንክ ሒሳቡን ቀሪ ለማየት ስልኩን ለሌላ ሰው ለመስጠት የሚገደድ ሰው ምሥጢሩንም አብሮ ይሰጣል።

ከፍተኛ ንፅፅር ሁሉን ያስደስታል ማለት ግን አይደለም። የዓይን ሞራ የጀመረው፣ የዓይኑ መስተዋት በትራኮማ የደፈረሰ ወይም ጠባሳ ያለበት ሰው ከነጭ ገጽ የሚመጣው ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ይበተንበትና ፊደሉን ይሸፍንበታል። አልቢኒዝም (በተፈጥሮ የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ማነስ) ያለባቸው ሰዎችም ነጩ ገጽ ያጥበረብራቸዋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ሌግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው የንባብ ጥናቶች እንዳሳዩት የዓይናቸው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል የደፈረሰባቸው አንባቢዎች በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ የዓይናቸው መስተዋት ጥሩ ሆኖ ሬቲናቸው የታመመባቸው ብዙዎቹ ግን ከዚህ ለውጥ የሚያገኙት ጥቅም የለም። ጨለማ ገጽ ለዓይን ሁሉ ጤና ነው የሚለው ወሬ በዚህ ልክ ይታይ። በማግኒፋየር ውስጥ ኮንትሮልን፣ አልትንና የ«I» ፊደልን አንድ ላይ መጫን ቀለሙን ይገለብጠዋል፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ በዚህ፣ አንድ ገጽ በዚያ አንብቦ ለራሱ ይፍረድ። ብርሃኑ ለሚያጥበረብራቸው ደግሞ ክሬም መልክ ያለው ገጽ ላይ ጥቁር ቡናማ ጽሑፍ መካከለኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

የክፍሉ ብርሃን ከስክሪኑ ብርሃን ያልተናነሰ ድርሻ አለው። መስኮት ከጀርባ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያርፋል፤ ከፊት ሲሆን ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ስክሪኑ መስኮቱ በጎን እንዲሆን ተደርጎ ይቀመጥ። በሩ ተከፍቶ በሚዋልባቸው ሱቆችና ቢሮዎች ከፊት ለፊት ካለ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለሰው ፀሐይ በተወሰነ ሰዓት ስክሪኑን ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ወፈር ያለ መጋረጃ ይበቃዋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ብቻ አብርቶ መሥራትም ያደክማል፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ለስላሳ መብራት ይኑር። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል። ጤናማ ዕይታ ያለው ሰው ይህን ልብ አይለውም፤ ጭላንጭል ለሚያየው ግን ሥራው እዚያው ይቆማል። ይህ በባትሪ ቅንብር ውስጥ ሊዘጋ የሚችል ነገር ነው፤ ባትሪው ቶሎ ቢያልቅም እንኳ ይዘጋ።

ዓይን የሚችለውን ያህል ከሠራ በኋላ ጆሮ ይተካው። ጭላንጭል የሚያዩ ሰዎች ስክሪን አንባቢን፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ሶፍትዌር፣ «የዓይነ ስውራን ነው» ብለው ይሸሹታል፤ እንደ መሸነፍ ምልክት ይቆጥሩታል። እኔ እንዲህ አላየውም፤ ረጅም ሰነድ በጆሮ ሰምቶ ፊርማውንና ሠንጠረዡን በዓይኑ የሚያይ ሰው ከሁሉም ይፈጥናል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ አነጋገሩ ደረቅ ቢሆንም ለለመደው ይበቃል። ማይክሮሶፍት ኤጅ በተባለው ማሰሻ ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የ«U» ፊደል ሲጫኑ መቅደስና አምሃ የተባሉ ለሰው ድምፅ የቀረቡ የአማርኛ ድምፆች ገጹን ያነባሉ፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ።

እነዚህ ድምፆች የሚያነቡት በትክክል የተጻፈ ጽሑፍን ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም እስካሁን በድሮ የግእዝ ሶፍትዌር የሚተይቡ ቢሮዎች አሉ፤ ያ ጽሑፍ በዓይን አማርኛ ቢመስልም በኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅ ስለሆነ ስክሪን አንባቢው ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፋል። ከዚህ የሚብሰው ማስታወቂያና ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም መላኩ ነው፤ ፎቶ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፣ ቀለሙ አይገለበጥም፣ ድምፅም አያነበውም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ሆነ የጎግል መሣሪያዎች ከምስል ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያወጣሉ፤ ግን ፎቶው ጠማማ ወይም ጥላ ያለበት ከሆነ ከላይ ያነሣናቸውን ትንንሽ ምልክቶች ያሳስታሉ። ላኪው ፎቶውን ሲልክ የተተየበውንም ፋይል አብሮ ቢያያይዝ ምንም አይጎድልበትም። መጻሕፍትን በተመለከተ ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት የታተሙ ሥራዎች ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች በሚስማማ ቅጂ እንዲዘጋጁ መንገድ ይከፍታል፤ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ሊጠቀሙበት ይገባል።

በመጨረሻ አሠሪዎችን የሚመለከተውን ላንሣ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል፤ የሥራ መሣሪያን ማስተካከልም በዚያ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየግዛታቸው ባለው የሙያ ተሃድሶ ቢሮ በኩል ለሥራ የሚያስፈልግ መሣሪያ ሊጠይቁ ይችላሉ። እዚህ አገር ግን ሠራተኛው ራሱ የሚፈልገውን በትክክል ለይቶ በጽሑፍ ቢያቀርብ ነው የተሻለ መልስ የሚያገኘው። «ማየት ያስቸግረኛል» የሚል ማመልከቻ አዘኔታን ያስገኝ ይሆናል፤ «27 ኢንች ስክሪን፣ የሚታጠፍ ክንድ፣ ተጨማሪ ኪቦርድ፣ ጠረጴዛዬ መስኮቱ በጎን ወደሚሆንበት ግድግዳ እንዲዞርልኝ፣ የስብሰባ ሰነዶችም አንድ ቀን ቀድመው በፋይል እንዲላኩልኝ» የሚል ማመልከቻ ግን የግዢ ክፍል የሚያስፈጽመው ዝርዝር ነው። ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋራ ደግሞ የራሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንዲከፈትለት ይጠይቅ፤ ያ ካልሆነ ማታ ያስተካከለውን ፊደልና ቀለም የጠዋቱ ባልደረባው «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። በግል መለያው ሲገባ ግን ቅንብሩ ሳይነካ ይጠብቀዋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።